ሄዶ መመለስ፦ የገዳሪፍና የገላባት የበጋ መንገድ

«ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለው የአበው ብሂል ለመንገደኛ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ገላባት የሚያመራው መንገድ ለዚህ ብሂል ከበቂ በላይ ምስክር አለው። ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሀገር ሰላም ሲሆን ጠዋት የተነሣ ሰው በአስፋልቱ ላይ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ከድንበሩ ድልድይ ይደርሳል፤ ገበያውን ዐይቶ፣ ወዳጁን ጠይቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ ማታ ከቤቱ ይገባል። የግመል ሲራራ ግን ይህንኑ መንገድ የሚጨርሰው በአራት በአምስት ቀን ነበር፤ ያውም ወቅቱ ከፈቀደለት፣ መሪ ካገኘና በሁለቱም ወገን ያሉት ገዢዎች ካሳለፉት ነው።

የዚህ መንገድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጦርነት በኩል ነው። መተማ ሲባል አፄ ዮሐንስ፣ ገላባት ሲባል ምሽግና መድፍ ይታወሳሉ። ይህም አለምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከጦረኛው በፊትም ከጦረኛው በኋላም በዚህ መንገድ የተመላለሰው ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ተሳላሚ፣ አዳኝና ዘመድ ጠያቂ ነው። እነዚህ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ሁሉም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ መቼ እንሂድ? ከማን ጋር እንሂድ? በምን ጊዜ እንመለስ? ዛሬ ከትልቅ ከተማ ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚወጣ ሰውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወቅቱ

አማርኛ ተናጋሪ «ክረምት» ሲል ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ይታየዋል። ሱዳናዊ ጎረቤቱ ግን ዓመቱን በሦስት ከፍሎ የዝናቡን ወቅት «ኸሪፍ»፣ ቀዝቀዝ ያለውን ደረቅ ጊዜ «ሺታ»፣ ሐሩሩን ደግሞ «ሴፍ» ይለዋል። ፈረንጆች ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በዚህ ጠረፍ የበጋው እምብርት ነው። በሌላው ዓለም ሰው ከቤቱ የሚከተትበት ወቅት እዚህ መንገድ የሚከፈትበት ነው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት የተዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁም የከብት እግር እስኪይዝ ድረስ ይሰፋል። ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ሲወርድበት ያብጥና ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ግመል ያንሸራትታል፣ መኪናም ተውጦ ይቀራል። በበጋ አሸዋ ብቻ የነበሩት ፈፋዎችም በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሆናሉ።

ይህን ለውጥ በዓይኑ አይቶ ለዓለም የጻፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር በ1861 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት የተለየ ምልክት ከሌላቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፍሎረንስ ጋር ሆኖ በአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ በዚያን ጊዜ እዚህም እዚያም ኩሬ የቀረበት ደረቅ አሸዋ ነበር። በሰኔ ወር መጨረሻ በ23ኛው ቀን ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ሲነጋ አትባራ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይፈስ ነበር። ቤከር ከዚህ ጎርፍ የተረዳው ትልቅ ነገር ነበር፤ የግብፅን እርሻ የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የሚወርድ መሆኑን ነው። ለመንገደኛ የሚሆነውን ትምህርትም አልዘነጋም። ዝናቡን ሶፊ በምትባል የአትባራ ዳር መንደር ተቀምጦ አሳለፈው፤ አፈሩ ሲደርቅ ሐምራን ከሚባሉት በጎራዴ ዝሆን ከሚጥሉ ፈረሰኛ ዐረቦች ጋር ወደ ሰቲት ወጣ፤ በበጋው ማብቂያ በ1862 ገላባት ደርሶ፣ ቀጣዩ ዝናብ ሳይበረታ በሰኔ ወር ካርቱም ገባ። ዓመቱን ሙሉ ዕቅዱን የሠራለት ዝናቡ ነበር ማለት ይቻላል። የጉዞ መጽሐፉም በ1867 ታተመ።

ከጭቃው ሌላ የሚፈራው ንዳድ ነበር። ወባ በቆላው የሚበረታው ዝናቡ አቁሞ ውሃው ሳይደርቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ካላ አዛር የሚባለውም በሽታ በመተማና በገዳሪፍ አካባቢ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያጠቃ ነው። የደጋ ሰው ወደ ቆላ መውረድን እንደ ሞት ይፈራው የነበረው ስለዚህ ነው። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኩሬውም ይደርቃል። ስለዚህ ጭቃው ከደረቀ፣ ንዳዱ ከበረደ፣ ውሃው ግን ገና ካላለቀ ጊዜ መሄድ ግድ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር ለመንገደኛ የሚቀሩት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ሦስት ወራት ብቻ ናቸው።

መሪው

ወቅቱ ቢመቸውም መንገደኛ ብቻውን አይሄድም። በሱዳን በኩል ሲራራውን የሚመራው ሰው «ኸቢር» ይባላል፤ ትርጉሙም ዐዋቂ ማለት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ነጋዴዎች በአለቃ ተሰልፈው ይጓዛሉ፤ ከበላያቸውም ነጋድራስ አለ። እነዚህ ሰዎች የውሃ ጉድጓዱን፣ ማደሪያውንና የወንዙን መሻገሪያ ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን ስማቸው በሚደርሱበት ስፍራ የታወቀ ነው።

በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከሰናር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲወጣ በዚህ ረገድ የታደለ ነበር። የመራው ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ሲሆን፣ ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ካይሮ የላኩት እርሱ ነበር። መሪው የንጉሥ መልእክተኛ ስለሆነ በየኬላው የሚከለክላቸው አልነበረም። ዳሩ ግን ሰናር ላይ ዘግይተው የተነሡት በግንቦት ነበርና ቆላውን ያቋረጡት ዝናብ በጀመረ ጊዜ ነው። አገልጋይ መስሎ ይከተል የነበረው የኢየሱሳውያን ካህን ብሬቭዳን ጎንደር ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ታሞ ሞተ። ፖንሴ በሐምሌ ወር ጎንደር የገባው ባልንጀራውን ቀብሮ ነው።

ከ70 ዓመት በኋላ የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በተቃራኒው አቅጣጫ ወረደ። ብሩስ የወቅቱ ነገር አልጠፋውም፤ ጎንደርን የለቀቀው በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ነው። የዛሬው መተማ አካባቢ በዚያን ዘመን ራስ አል ፊል ይባል ነበር። ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሳለ የዚህ አውራጃ ገዢነት በስም ተሰጥቶት ስለነበር፣ በስሙ ያስተዳድርለት የነበረው ያሲን የሚባለው ሰው እንደ ወዳጅ ተቀበለው። ሕመም ይዞት እዚያ ከሰነበተ በኋላ በመጋቢት ጉዞውን ሲቀጥል ግን ከያሲን ሥልጣን ወጣ። ጤዋ ላይ የአትባራው ሹም ሼኽ ፊደል «ገንዘብ ካላመጣህ አታልፍም» በሚል ዓይነት አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ አገተው። ያስለቀቀውም ያሲን የላከው መልእክትና የአካባቢው ዐረቦች አለቆች ያሳደሩት ጫና ነው። ሰናር የገባው በሚያዝያ ማለቂያ ነበር።

ሁለቱ ጉዞዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርታቸው ግልጽ ነው። ፖንሴ መሪ ነበረው፣ ወቅት ግን አልነበረውም። ብሩስ ወቅት ነበረው፤ መሪው ግን ስሙ የሚሠራው እስከ ወሰኑ ድረስ ብቻ ነበር። ስለዚህ መሪ ማለት ጎዳናውን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ደጃፍ ላይ «የእኔ እንግዳ ነው» ብሎ የሚያስገባ ሰው መሆኑን የሲራራ ነጋዴዎች ከተጓዦቹ መጻሕፍት በፊት ያውቁት ነበር።

ሁለት ግብር የሚከፍል ገበያ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መካከል ይህ ጥበብ በአንድ ከተማ ላይ ጎልቶ ታየ። መተማ፣ ሱዳኖች እንደሚሉት ገላባት፣ በዚያን ጊዜ የሚኖሩባት ብዙዎቹ ተክሩሪዎች ነበሩ። እነዚህ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለሐጅ ሲመላለሱ በጠረፉ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። አለቃቸው ሼኽ ጁማ በካርቱም ለተቀመጠው የግብፅ መንግሥትም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍል ነበር። በዘመኑ የጻፉ ተጓዦች ይህን እንደ መገረም ያነሡታል። ለገበያው ሰው ግን ሁለት ግብር ማለት ሁለት የተከፈቱ በሮች ማለት ነበር። ከደጋው ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ዶቃና የማርያ ቴሬዛ ብር ይወጣል። በዚሁ ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መካድ አይቻልም፤ ከደቡብና ከምዕራብ ተነጥቀው የመጡ ባሮች ለጀላባ ነጋዴዎች የሚተላለፉት በዚህ ነበር። ለእነርሱ መንገዱ መሄጃ ብቻ እንጂ መመለሻ አልነበረውም።

ገዳሪፍም በዚያን ዘመን የገበያ ከተማ ነበረች። የሽኩርያ ዐረቦች አለቆች በሆኑት በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር። የዛሬ ስሟንም ሕዝቡ ሲተረጉመው «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዐረብኛ አነጋገር ጋር ያያይዘዋል። የስሙ እውነተኛ ምንጭ ይህ ቢሆንም ባይሆንም፣ ከገበያተኛ ልማድ ጋር የሚስማማ ትርጓሜ ነው፤ ሰው መጥቶ ጉዳዩን ፈጽሞ በጊዜ ይመለሳል።

ሰላሙ

ወቅትና መሪ ተሟልተው ሳለ ጉዞ ሊበላሽ እንደሚችል የሚያስረዳው የሆርሙዝድ ራሳም ታሪክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ራሳም፣ ከዶክተር ብላንክና ከመቶ አለቃ ፕሪዶ ጋር በጥቅምት 1865 ከምፅዋ ተነሣ። በትግራይ በኩል ሁከት ስለነበር መንገዱን በካሰላና በገዳሪፍ አድርጎ በኅዳር መተማ ደረሰ። ከዚያ በላይ በራሱ ፈቃድ አልሄደም፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀበሉትን ሰዎች እስኪልኩ አንድ ወር ያህል ጠበቀ። በታኅሣሥ ማለቂያ፣ በጋው በደመቀበት ጊዜ፣ በንጉሡ አጃቢዎች ተመርቶ ጉዞውን ቀጠለ። በሚቀጥለው ወር ማለቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ በክብር ተቀበሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መልእክተኞቹም እንደ ቀድሞዎቹ ታሰሩ፤ የተፈቱትም የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰ ጊዜ በሚያዝያ 1868 ነው። ወቅቱም ተስማምቶ፣ መሪም ተገኝቶ፣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረው መተማመን ግን አልቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጊዜ የባሰ ነው። ለነጋዴ የተመቸ በጋ ለጦርም ይመቻልና፣ በዚህ ጠረፍ የተደረጉት ታላላቅ ውጊያዎች ቀናቸው ሲታይ ሁሉም በደረቁ ወቅት ነው። ደጃዝማች ክንፉ የግብፅን ጦር ወድ ከልታቡ ላይ ያሸነፉት በሚያዝያ 1837 ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማህዲስቶችን ጦር መተማ ላይ የመቱት በጥር 1887፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ደግሞ ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ያቃጠለው በጥር 1888 ነው። በመጋቢት 1889፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ድል በእጃቸው ሊገባ ሲል በጥይት ተመትተው ወደቁ። ጦራቸው ተበተነ፤ አስከሬናቸውም አትባራ አካባቢ በድርቡሾች እጅ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ወጥተው ያልተመለሱበት ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል።

ከውጊያው በኋላ ገበያው ፈረሰ፤ ሕዝቡም ተሰደደ። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተፈራረሙት ውል ወሰኑን ወሰነ፤ በ1903ም የእንግሊዙ መኮንን ግዊን በመሬት ላይ ምልክት አደረገበት። አንድ የነበረው ከተማ በአንዲት የበጋ ደረቅ ፈፋ ለሁለት ተከፈለ፤ በወዲያ ገላባት፣ በወዲህ መተማ ሆነ። ሁለት ግብር የከፈለው የሼኽ ጁማ ገበያ፣ ሁለት ባንዲራ የሚውለበለብበት ገበያ ሆኖ እንደገና ቆመ።

ሐዲድና አስፋልት

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መንገዱን የለወጡት ባቡርና መኪና ናቸው። ከቀይ ባሕር ጠረፍ መስመር ተገንጥሎ የመጣው ሐዲድ በ1924 ካሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከሰናር ጋር ተገናኘ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ማሽላ ለማቅረብ በገዳሪፍ ዙሪያ የትራክተር እርሻ ጀመረ። ያ ጥቁር ዋልካ፣ ለመንገደኛ ጠላት የነበረው፣ ለእህል ግን ሀብት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ዋና ገበያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። በየዓመቱ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ «ሳሉግ» የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወደ መተማና ከዚያም ወዲያ የሚወርዱትም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ሆነው ነው።

በዚህ መካከል ጦርነት ዳግመኛ መጣ። ጣሊያን በሐምሌ 1940 መጀመሪያ ገላባትን ያዘ። በወቅቱ ማንም መንገድ ይኖራል ብሎ በማያስብበት በነሐሴ፣ ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው ጓድ ከገዳሪፍና ከገላባት መካከል ካለችው ከዶካ ተነሥቶ በዝናብና በጭቃ ወደ ጎጃም ገባ። በኋላ የታሪክ ማስታወሻ በተባለው መጽሐፋቸው የታወቁት አዛዥ ከበደ ተሰማም በዚሁ ተልእኮ ወደ ጎጃም ከገቡት አንዱ ናቸው። ጭቃውን ያቋረጡት ሕዝቡን የሚያውቁ፣ ሕዝቡም የሚያውቃቸው ኢትዮጵያውያን አብረዋቸው ስለነበሩ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ብርጋዴር ስሊም የገላባትን ምሽግ መልሶ ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ ተስኖት አፈገፈገ። ጣሊያኖች መተማን የለቀቁት በጥር ማለቂያ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ወር በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ከገላባት በስተደቡብ ባለችው በኦም ኢድላ በኩል ወሰኑን ተሻግረው ሀገራቸው ገቡ። ይህም የበጋ ጉዞ ነበር፤ ከስደት የተመለሱበት ጉዞ።

ከጦርነቱ በኋላም በዝናብ ወራት የጭነት መኪና በዋልካው ሲያዝ፣ መንገዱ ሲዘጋ መክረሙ የተለመደ ነበር። ነገሩን የለወጠው በሁለቱም ወገን የተሠራው አስፋልት ነው። በአንድ በኩል ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ በሌላው ከአዘዞ በገንዳ ውሃ በኩል እስከ መተማ ያለው መንገድ ጠንክሮ ሲሠራ፣ የአራት ቀን ጉዞ የግማሽ ቀን ሆነ። የፖንሴ ችግር የነበረው ወቅት ቀለለ፤ የብሩስ ችግር የነበረው መሪም በአውቶቡስ ሹፌርና በይለፍ ወረቀት ተተካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ሰው ከገዳሪፍ ጠዋት ወጥቶ ጠረፉን አይቶ ማታ መመለስ ቻለ።

የአንድ ቀን ጉዞ

እንዲህ ያለው ጉዞ ቀላል ቢመስልም የሲራራዎቹ ጥያቄ አልተሻረም። ታኅሣሥና ጥር ዛሬም ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ የሰሊጡና የማሽላው ምርት ገበያውን ይሞላዋል፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ሐፊር ኩሬዎችና ወደ እርሻ መንደሮች መሄድም ይቻላል። ያለ መሪ መሄድ የሚችለው ዐረብኛና አማርኛ የሚያውቅና የጠረፉን ሕግ የጠየቀ ሰው ነው። እንግዳ የሆነ ግን በሁለቱም ወገን የሚታወቅ የአካባቢ ሰው ቢይዝ ይሻለዋል። ድልድዩ ላይ ያለው የመጨረሻው ደጃፍ ከብሩስ ዘመን ወዲህ ጠባዩ ብዙም አልተለወጠምና።

አንድ ትንሽ ነገር ቀኑን ሊያበላሽ ይችላል፤ እርሱም ሰዓት ነው። ሱዳን በኅዳር 2017 ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች በድልድዩ ሁለት ጫፎች መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ከዚህ ላይ አቆጣጠሩ ይጨመራል፤ በመተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲባል በገላባት ሰዓቱ 8ን ያመለክታል። ኬላው ደግሞ ሲመሽ ይዘጋል። በየትኛው ሰዓት እንደሚመለስ ሳይነጋገር የተሻገረ መንገደኛ፣ የአበው ብሂል ደርሶበት ከቅርብ ያድራል።

የሚታየው ግን ድካሙን ይክሳል። ፈፋዋና ድልድይዋ፣ በአንድ ወገን ፉልና ኪስራ፣ በሌላው እንጀራ የሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች፣ ብርና ፓውንድ የሚመነዘርባቸው ጥጎች አሉ። በሁለቱም ወገን ጀበና የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ሱዳኖቹ ቡናቸው ላይ ዝንጅብል ይጨምሩበታል እንጂ። የታሪክ ወዳጅም በመተማ ዮሐንስ የንጉሡን መውደቂያ፣ በገላባት በኩል ደግሞ የ1940ውን ምሽግ ቦታ ሊያስብ ይችላል።

ከዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ያለው ሰው የሚያስበው ዲንደር ብሔራዊ ፓርክን ነበር። በ1935 የተቋቋመውና ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ይህ ጥብቅ ስፍራ ከኢትዮጵያ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2023 ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ከካርቱም የሚነሡ ጎብኚዎች ገለጉ ወደተባለው ሰፈር የሚሄዱት በበጋ ብቻ ነበር። ዝናቡ አልፎ «ማያ» የሚባሉት ኩሬዎች ሲቀሩ አራዊቱም አዕዋፉም ውሃ ፍለጋ እዚያ ይሰበሰባሉ። በክረምት ግን መንገዱ ለጎብኚ አይሆንም፤ አስፋልት ያልደረሰበት ዋልካ አሁንም በጥንቱ ሕግ ይገዛል።

መመለስ

ሦስተኛው ጉዳይ፣ ራሳምን ያሰረው፣ አልቀለለም። በዚህ መንገድ ላይ ለአንድ ቀን ከሚሄደው ይልቅ ላይመለስ የሄደው ይበዛል። በ1822 ሸንዲ ላይ የግብፁን ልዑል እስማኤል ፓሻን ያቃጠለው መክ ኒምር ሸሽቶ የተጠጋው በዚህ ወሰን ላይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ረሃብና ጦርነት ያባረራቸው ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ወረዱ። ከኦም ራኩባና ከተዋዋ መጠለያዎች ቤተ እስራኤላውያን በ1984 ኅዳርና ታኅሣሥ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ከዚሁ ነው። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ኦም ራኩባ እንደገና ተከፍቶ ስደተኞችን ተቀበለ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ከካርቱም የሸሹ ሱዳናውያን፣ በሱዳን ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያንና ከሌሎች የውጭ ሀገር ሰዎች ጋር፣ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፉ። ልጅ ያዘለች እናት በአስፋልቱ ላይ የሄደችው ያንኑ 150 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የመመለሻ ሰዓቷን ግን የሚነግራት አልነበረም።

ኬላውም በአልፋሽጋ መሬት ውዝግብና በአካባቢው ግጭት ሳቢያ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ተዘግቶ የተከፈተባቸው ጊዜያት አሉ። በተዘጋ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ጠዋት ተሻግሮ ማታ የሚመለሰው ነው፦ ሽንኩርት የሚያሻግር ቸርቻሪ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ፣ ሐኪም ቤት የሚወስድ አባት። የጦር አዛዥና ትልቅ ነጋዴ ሌላ መንገድ አያጡም። የአንድ ቀን መንገደኛ ግን ያለው ይህ አንድ ድልድይ ነው።

ስለዚህ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚደረግ የአንድ ቀን የበጋ ጉዞ እንደ ተራ ሽርሽር የሚቆጠር አይደለም። አስፋልት ወቅቱን አሸንፏል፤ አውቶቡስና ወረቀት የመሪውን ሥራ አቅልለዋል። ሰላሙን ግን መሐንዲስ አይሠራውም፤ በፈፋዋ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎችና መንግሥታት በየቀኑ የሚሰጡት ወይም የሚነሡት ነገር ነው። ሼኽ ጁማ ለሁለት ጌቶች ግብር ሲከፍል የገዛውም ይኸው ነበር። የጠረፉ ሰው መንገደኛን ሲሸኝ ጥንትም ዛሬም «በሰላም ግባ» ብሎ የሚመርቀው፣ የበጋውን መንገድ ዋጋ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቅ ነው።